«ዝናሜ» እና «ባይራክ»፦ ባንዲራ ወይስ ሰንደቅ ዓላማ?

ፊደል ወዳድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አባቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ተልኮ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ነው የተማረው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ የማስታወሻ ደብተር ትቶልናል። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በቡልጋርኛ ነው። ለእናቴና ለወንድሞቼ ብዬ ቡልጋርኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። አንደኛው ስለ ሜይ 24 ሰልፍ የጻፈው ነው። ዝናብ እየዘነበ «ዝናሜ» ይዞ ከፊት የሄደው እሱ እንደነበር ይናገራል። ሁለተኛው ስለ መኝታ ክፍል ጓደኛው ነው። «ፈተናው እንዳለቀ ባይራኩን አውለበለበ» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ለሁለቱም የሚሰጠኝ አንድ ትርጉም ነው፣ ባንዲራ። ጓደኛው ይህን ያህል አገር ወዳድ ነበር እንዴ? ደግሞስ የትኛውን ባንዲራ፣ የትኛውን ሰንደቅ ዓላማ ልበል?

የሶፊያ ተማሪ

እግዜር ያጽናሽ ልጄ። እኔም በዚያው ዘመን ሶፊያ ነበርኩ፣ ምናልባት አባትሽን አውቀው ይሆናል።

ከሁለተኛው ልጀምር። ጓደኛው ምንም ባንዲራ አልያዘም። ቡልጋሮች አንድ ሰው «ባይራኩን አውለበለበ» ሲሉ ልጓሙን በጠሰ፣ ያሻውን ማድረግ ጀመረ ማለታቸው ነው። መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ውጭ ማደር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ባል ከቤት ሲጠፋም ይሉታል። ከፈተና የወጣ የሃያ ዓመት ልጅ ላይ በደንብ ይሠራል። ስለዚህ «ልጓሙን በጠሰ» ብትዪው ጥሩ ነው። እዚህ ቦታ «ዝናሜ» ማለት አይቻልም፣ ማንም ቡልጋር እንደዚያ አይልም። ሁለቱ ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

«ባይራክ» የቱርክ ቃል ነው። ቱርኮች ቡልጋሪያን አምስት መቶ ዓመት ገደማ ገዝተዋል፣ ቃሉም ያኔ ገባ። ግን የገዢ ቃል ሆኖ አልቀረም። በተራራ የሚሸፍቱት ሃይዱቶች የራሳቸው አደረጉት። በሕዝብ ዘፈኖቻቸው ውስጥ አለቃው «ቮይቮዳ» ነው፣ ባንዲራ ያዡ ደግሞ «ባይራክታር»። ይህን ስም ዛሬ ሁላችንም በዜና የምናውቀው በድሮን ነው። የቤተሰብ ስም ነው፣ ትርጉሙ ግን ያው ባንዲራ ያዥ ነው።

«ዝናሜ» የመንግሥትና የክብር ቃል ነው። የ1991ዱ የቡልጋሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 166 ላይ፣ የአገሪቱ «ዝናሜ» ሦስት ቀለም ያለው፣ ከላይ ወደ ታች ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ እንደሆነ ይደነግጋል። ቀለሞቹ በሕግ የጸኑት ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1879ኙ የታርኖቮ ሕገ መንግሥት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 የሚለው ባንዲራ ሳይሆን «ሰንደቅ ዓላማ» ነው። ስለዚህ ለአባትሽ ዝናሜ፣ ሰንደቅ ዓላማ በይው።

ዘርዛሪው

ጋሼ፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ባንዲራ ባዕድ፣ ሰንደቅ ዓላማ ንጹሕ የአገር ቃል ይመስለዋል። ባንዲራ ከጣልያንኛ መምጣቱ እውነት ነው። «ዓላማ» ግን ከዐረብኛው «ዐላማ» ጋር አንድ ነው፣ እዚያም ምልክት ማለት ነው። ተኩስ የሚለማመድ ሰው የሚመታው «ኢላማ» ሌላ ቃል አይደለም። ዛሬ «ዓላማ» ስንል ግብ ማለታችን ከዚያው የመጣ ነው፦ ዓይን የሚያርፍበት ምልክት።

የጣልያንኛውንም ሥር ወደ ኋላ ብትከተሉት ጎቶች የሚባሉት የጥንት ጀርመናዊ ነገዶች ዘንድ ያደርሳችኋል። እነሱ «ባንድዋ» ይሉ ነበር፣ ምልክት ማለት ነው። ሁለቱ የምንጣላባቸው ቃላት መነሻቸው አንድ ትርጉም ነው። ቡልጋርኛውስ?

የሶፊያ ተማሪ

ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ደስ አለኝ። ቡልጋር «አውቃለሁ» ለማለት «ዝናም» ይላል። «ዝናሜ» ከዚያው ሥር ነው፣ የሚታወቁበት ማለት ነው። የአንተን ዐረብኛ ተመልከት፦ ዕውቀት «ዒልም»፣ ባንዲራ «ዐለም»፣ ምልክት «ዐላማ»። ቡልጋርኛ የስላቭ ቋንቋ ነው። ስላቮቹ ከዐረቦቹ ሳይወስዱ፣ ዐረቦቹም ከስላቮቹ ሳይወስዱ ሁለቱም ባንዲራን ከማወቅ ግሥ አወጡት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በጦር ሜዳ አቧራ ውስጥ ወገንህ የት እንዳለ የምታውቀው በምን ነበር? ከፍ ብሎ በሚታይ ነገር ነው።

ያ ነገር ጨርቅ መሆንም የለበትም። የጥንት ቡልጋሮች የፈረስ ጭራ ነበር ወደ ጦርነት የሚይዙት። ንጉሣቸው ቦሪስ ከተጠመቀ በኋላ ግራ የገባውን ሁሉ ጽፎ ሮም ላከ። ሊቀ ጳጳሱ ኒኮላስ ቀዳማዊ በ866 በ106 ነጥቦች መለሱለት። አንዱ ስለዚህ ጉዳይ ነው፦ በፈረስ ጭራ ፈንታ የመስቀል ምልክት ያዙ አሉት። መልሱ እስከ ዛሬ ይነበባል።

አሁን ልቤ ያለበትን ልንገራችሁ። በ1876 ቡልጋሮች በቱርኮች ላይ ባነሡት የጸደይ አመፅ ጊዜ ፓናግዩሪሽቴ በምትባል ከተማ ራይና ፖፕጌዮርጊዬቫ የምትባል ወጣት የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። የአመፁ መሪ ጌዮርጊ ቤንኮቭስኪ ባንዲራ ስፊልን አላት። እሷም ሰፋች። በላዩ የወርቅ ቀለም አንበሳና «ነጻነት ወይም ሞት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አመፁ ሲከሽፍ ታሰረች፣ ተሠቃየች። በኋላ ሞስኮ ሄዳ አዋላጅነት ተምራ ተመለሰች፣ በ1917 ሶፊያ ውስጥ አረፈች። እስከ ዛሬ የሚጠሯት «ራይና ክንያጊንያ» እያሉ ነው፣ ልዕልት ራይና ማለት ነው። ባንዲራ የሰፋች መምህርት ልዕልት ስትባል ሳይ፣ ያ ሕዝብ መርፌና ክር የያዘ እጅን እንዴት እንደሚያከብር ገባኝ።

ፊደል ወዳድ

ጋሼ፣ ይሄን ለእናቴ አነበብኩላት። «ልጓሙን በጠሰ» የሚለው ላይ ስቃ ሞተች። ጓደኛውን ታውቀዋለች።

አንድ ቀረችኝ። ደብተሩ መጨረሻ ላይ «ፕርያፖሬትስ» የሚል ቃል አለ። ለዚህ «ሰንደቅ» ብቻ ብለው ምን ይመስልዎታል? ግጥም ግጥም ይላል።

ዘርዛሪው

እኔ አልስማማም እህቴ። ሰንደቅ ዘንጉ ነው። ዓላማው ነው ጨርቁ። «ሰንደቁ ተውለበለበ» ሲባል እሰማለሁ፣ ግን ዘንግ አይውለበለብም። በግጥምም ቢሆን ያስቸግረኛል።

የሶፊያ ተማሪ

ልክ ነህ። ፕርያፖሬትስ ያረጀ ቃል ነው፣ ከዩክሬንኛው «ፕራፖር» ጋር እህትማማች። ዓርማ ቢባል ይሻላል።

ዘንጉን ካነሳህ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሶፊያ በወታደራዊ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የሳማራ ዝናሜ የሚሉት አለ። ሳማራ የሩሲያ ከተማ ናት። የ1876ቱን አመፅ ተከትሎ የደረሰውን እልቂት የሰሙ የዚያች ከተማ መነኮሳት ሰፍተው፣ ከሩሲያ ጎን ሆነው ቱርክን ለሚወጉት ቡልጋር በጎ ፈቃደኞች ላኩላቸው። በሜይ 1877 ሮማኒያ ውስጥ ፕሎየሽት ላይ ተረከቡት። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር መስቀል አለው። በአንዱ ገጽ እመቤታችን፣ በሌላው ገጽ ቄርሎስና ሜቶድዮስ ተሥለዋል። የስላቭ ፊደል አባቶች ናቸው! ወደ ጦርነት የሄደ ባንዲራ ላይ የፊደል ሰዎች።

በዚያው በጋ ቡልጋሪያ ውስጥ ስታራ ዛጎራ ላይ በተደረገው ውጊያ ያዦቹ አንድ በአንድ ወደቁ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ፓቬል ካሊቲን ራሱ አንስቶት እዚያው ሞተ። ዓላማው ግን አልተማረከም። ዘንጉ በውጊያው ተሰብሮ ነበር፣ በኋላ በብር ተጠግኗል። ሙዚየሙ ውስጥ ቆሜ ብዙ ያየሁት ጨርቁን ሳይሆን ያቺን ብር ነው። የሰንደቅን ትርጉም ያኔ ማንም ቢጠይቀኝ ዘንጉ ነው እል ነበር።

ሜይ 24 የእነዚሁ የሁለቱ ወንድማማቾች፣ የፊደል ቀን ነው። አባትሽ የያዘው ያኔ ነጩ ላይ የመንግሥት ዓርማ ያለበትን ነው። አንበሳ፣ የስንዴ ዘለላ፣ ኮከብ፣ ከሥሩ 681 እና 1944። 681 የመጀመሪያው መንግሥታቸው የተመሠረተበት ዓመት ነው፣ 1944 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን የያዙበት። በ1990 ዓርማው ተነሣ። በሜይ 24 ተማሪው የሁለቱን ወንድማማቾች ሥዕል በአበባ ጉንጉን አስጊጦ ይወጣል። እኛን ሐበሾቹን ደግሞ የራሳችሁ ፊደል አላችሁ አይደል እያሉ ስማቸውን በግዕዝ ፊደል ያስጽፉን ነበር። ደብተሩ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር የለም?

ፊደል ወዳድ

ጋሼ፣ አለ! የሜይ 24ቱ ገጽ ኅዳግ ላይ ስምንት የቡልጋር ስሞች በእኛ ፊደል ተጽፈዋል። ከሥራቸው በእርሳስ «ዝናሜው በዝናም ራሰ፣ ዝናም!» ይላል። እስከ ዛሬ አንዱን ቃል በስሕተት የደጋገመው መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ባንዲራው፣ ሁለተኛው የኛ ዝናብ፣ ሦስተኛው «አውቃለሁ» መሆኑ ነው?

የሶፊያ ተማሪ

ነው ልጄ። ሦስተኛውን አትተርጉሚው፣ እንዳለ ተዪው።