«ግሬድ» ሁልጊዜ «ደረጃ» ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ብረት ሲሸጥ «ግሬድ 60» ይባላል፤ ኮምቦልቻ ቆዳ የሚረከቡት «ግሬድ 1» ይላሉ። ሁለቱንም «ደረጃ» ልበል? «60ኛ ደረጃ ብረት» ስጽፍ ውራ የወጣ ይመስላል።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ያሳሳተችህ «ኛ» ናት። የግሬድ ሥሩ በላቲን እርምጃ፣ መወጣጫ ማለት ነው፤ የእኛም «ደረጃ» የቤት መወጣጫ ነው። ሁለቱ እዚህ ድረስ ይገጥማሉ። «1ኛ ደረጃ ወጣ» ስንል ግን እርስ በርስ አወዳድረን ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚህ «ራንክ» አለው። ግሬድ የሚሰጠው ከተቀመጠ መስፈርት አንጻር ነው። የመጣው ቆዳ በሙሉ ንጹሕ ከሆነ ሁሉም «ደረጃ 1» ያገኛል፤ ሁሉም 1ኛ ሊወጣ ግን አይችልም። ገበያ ላይ «አንደኛ ደረጃ» ቢባልም፣ ስትጽፍ «ደረጃ 1» በል።

በቆዳ ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ ይወርዳል። ሲገፈፍ ቢላ የነካው፣ ጨው ሳይነሰነስበት ውሎ ጸጉሩ የሚነቀል ቆዳ ወዲያው ይለያል። የበግ እከክ ግን ተንኮለኛ ነው፦ ከውጫዊ ተባይ የሚመጣው ነጠብጣብ በጸጉሩ ተሸፍኖ ያልፍና ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲነሳ ብቅ ይላል። ያኔ «ዳውንግሬድ ሆነ» የሚሉትን «ደረጃው ዝቅ ተደረገ» በለው።

የብረቱ 60 የጥራት ነጥብ አይደለም። ብረቱ ሲሳብ ተመልሶ እንደነበር መሆን የሚያቅተው በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ላይ ነው ማለት ነው፤ በሌላው መለኪያ፣ በሜጋፓስካል፣ ወደ 420 ይሆናል። ግሬድ 40 ወደ 280 ነው፤ ብልሹ ብረት ግን አይደለም። እዚህ «የጥንካሬ መደብ» ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ ልጨምር። «ደረጃውን የጠበቀ» የሚለው ግሬድ አይደለም፣ «ስታንዳርድ» ነው፤ አሟላ ወይም አላሟላ እንጂ እርከን የለውም። መምህር ወረቀት «ግሬድ አደረገ» ሲባል «አረመ» ነው፤ የተገኘው «ውጤት»፣ «ግሬድ 8» ደግሞ «8ኛ ክፍል»።

ጠያቂ፦ ሰርገኛ ጤፍን «ግሬድ 2» ብዬ ነበር።

መልስ፦ አስተካክለው። ሰርገኛ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ጤፍ ነው፤ ስሙ መልኩን እንጂ ጥራቱን አይናገርም። አሸዋና እንክርዳድ የሌለበት ሰርገኛ አለ፤ አፈር የበዛበት ነጭም አለ።

ጠያቂ፦ ሲሚንቶስ፣ 32.5 እና 42.5?

መልስ፦ እንደ ብረቱ ነው፦ በ28 ቀን የሚደርስበት ጥንካሬ፣ በሜጋፓስካል። ለልስን 32.5 ይበቃል፤ «ዝቅተኛ ደረጃ» ብለህ እንዳትጽፈው።