ቱርኮቹ ይቀነሱልን ወይስ ይተዉ?

አድሚን፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ስላላለቀ እዚሁ እንጨርሰው። ጥያቄው አጭር ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው የውጭ ድራማ በሕግ ይገደብ ወይ? ማለትም ጣቢያዎቹ ከሰዓታቸው ይህን ያህሉን የግድ ለአገር ውስጥ ሥራ እንዲሰጡ የሚል ኮታ ይውጣ? የምትወዱትንም እግረ መንገዳችሁን ጠቁሙ። ግን የመጨረሻውን ክፍል የተናገረ ከግሩፑ ይሰናበታል።

የክበቡ ልጅ፦ ይገደብ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሳየት ሲጀምር አርቲስቶቹ ተቃውሞ ሲያሰሙ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ቅናት መስሎኝ ስቄባቸዋለሁ። አሁን ራሴ ስክሪፕት ይዤ ስዞር ነው የገባኝ። የቱርኩ ድራማ ወጪውን አገሩ ላይ መልሶ ነው የሚመጣው። እዚህ የሚወጣበት የመግዣውና የድምፁ ነው። የኛ ግን ከካሜራ ኪራይ እስከ ተዋናይ ምሳ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ሰልባጅ ጃኬት በተከመረበት በር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ማሽኑን ይዞ ተቀምጧል በሉት። በምን ዋጋ ይወዳደር?

እመ ሁለት፦ ሰልባጁ እኮ አይለቅም፣ አይተረተርም። ጉድ የሚሠራን የሰፊው ሱሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ውዬ፣ ልጆቹን አብልቼ ቁጭ ስል አንድ ሰዓት የራሴ አለችኝ። እሷንም አዋጅ ይምረጥልኝ?

የአቶቴው፦ እህቴ፣ ያቺ አንድ ሰዓትሽ ግን መቼ ነው የምታልቀው? ድራማው ላይ ልጅቷ አባቷን ሳታውቅ ሦስተኛ ወሯን ያዘች።

እመ ሁለት፦ ልታውቅ ነው። ዝም በል።

ጋሼ መምህር፦ የመንዛዛቱ ነገር ምክንያት አለው ልጆች። ቱርክ አገር አንዱ ክፍል የሚታየው በሳምንት አንዴ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። እነሱ በአንድ ምሽት የጨረሱትን ለቅሶ እኛ ሦስት ምሽት እናለቅሰዋለን።

ወደ ኮታው ስመጣ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ሲኒማ ቤቶቿን በዓመት 146 ቀን የአገር ፊልም እንዲያሳዩ ታስገድድ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ከአሜሪካ ጋር የንግድ ስምምነት ድርድር ስትጀምር ወደ 73 ቀን አወረደችው። ያን ጊዜ ታላላቅ ተዋንያኖቿ ሳይቀሩ አደባባይ ወጡ። በ2020 ደግሞ የኮሪያ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። የሚያሳድግህ እስክትበረታ ድረስ አጥር ሊያጥርልህ ይችላል።

የአቶቴው፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ያ ሲኒማ ቤት ነው፤ በር አለው። የቴሌቪዥን በር ሪሞት ነው። የአገሩን ጣቢያ ቢገድቡት ሰው ሌላ ይፈልጋል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወዳሉበት ኢትዮሳት ለማዞር ዲሽ ይዘን ጣራ ላይ የወጣነው እኛው አይደለን? ተመልሰን ለመውጣት ምን ያቅተናል? ደግሞ ኮሪያ ያጠረችው አጥር ብቻ መስሎዎት? ለፊልም ገንዘብ መድባለች። እኛ ዘንድ አጥሩን ነው የሚያስታውሱት፤ ውስጡ ያለውን አትክልት የሚያጠጣ የለም።

ጋሼ መምህር፦ እሱ እውነትህን ነው። ገንዘቡን መጥቀስ ነበረብኝ።

ፍላሽ ቤት፦ እኔ ከሱቄ ልናገር። መናኸሪያ አካባቢ ፊልም እጭናለሁ፣ ማለቴ እጭን ነበር። አሁን ቴሌግራም ቀደመኝ፤ የስልክ ከቨር ነው የምሸጠው። ደንበኛ ሲመጣ የኮሪያ ከሆነ «ሙሉውን ጫንልኝ» ይላል። የአማርኛ ከሆነ ግን ሁለት ጥያቄ አለው። «አዲስ ነው?» ቀጥሎ «ያስቃል?»። እሱንም ቢሆን ዩቲዩብ ላይ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሰዉ የአገሩን ስለጠላ አይመስለኝም። ታሪኩን ከፖስተሩ ስለሚያውቀው ነው። ሀብታም ልጅ፣ ድሃ ልጅ፣ ቪላ፣ የእናት ምስጢር።

የክበቡ ልጅ፦ አንተ ደግሞ! የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410 በ1996 ነው የወጣው። መናኸሪያ እስኪደርስ ሃያ ዓመት አነሰው? እኛ የምንከስረው አንድም በአንተ ነው።

ፍላሽ ቤት፦ ከቨር ነው የምሸጠው አልኩህ እኮ።

የፓርኩ ልጅ፦ እኔም ልግባ። እኛ አራት ሆነን ነው ቤት የተከራየነው። ቲቪ የለንም። ማታ የአከራያችን ሳሎን ጫማ አውልቀን እንገባለን፤ ከሞላ በር ላይ ቆመን እናያለን። ኢንዱስትሪ ፓርኩም ቃናም በ2008 ነው የመጡት። እኔ ቆይቼ ብመጣም ሁለቱን በአንድ ሳምንት ነው ያገኘኋቸው። አንዷ ጓደኛዬ ከወላይታ ናት፣ አንዷ ከጋሞ፣ እኔ ከይርጋለም። በማግስቱ ማሽን ላይ የምናወራው የጋራ ወሬ እሱ ነው። አማርኛዬም የጠራው እዚያ ነው። ችግሩ እንደ ድራማው ማውራቴ ነው። ባለፈው ሱፐርቫይዘሩን «ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር አለ» አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ክር አልቆብኝ ነው እኮ።

እመ ሁለት፦ ሞትኩ! የኔም ትንሿ «እባክሽ እናቴ፣ ለመረዳት ሞክሪ» ትለኛለች። ገላሽን ታጠቢ ብያት ነው።

ጋሼ መምህር፦ ይኸው ጉዳቱ። አማርኛው ከከንፈር ጋር እንዲገጥም ሲሳብና ሲታጠፍ ሰው የማይናገረው አማርኛ ይሆናል። ተረት የለበት፣ ቅኔ የለበት፣ አሽሙር የለበት።

የፓርኩ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሽሙሩን ከአከራያችን እየተማርኩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቱርክን በአማርኛ ማናገር ከተቻለ በሲዳምኛ ማናገር ለምን አይቻልም? እናቴ ይርጋለም ሆና ምስሉን ብቻ ነው የምታየው። ታሪኩን ራሷ ትፈጥረዋለች። አንዳንዴ የሷ ይሻላል።

አድሚን፦ ይህን ጥያቄ ማንም እንዳያልፈው።

የአቶቴው፦ አላልፈውም፣ የኔም ነገር እዚያው ስለሆነ። እስቲ በአማርኛ ፊልምና ድራማ ውስጥ ሐዋሳን ስንት ጊዜ አያችኋት? እኔ ልንገራችሁ። ጥንዶቹ ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣሉ። ጀልባ ይሳፈራሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ይበላሉ። አባ ኮዳ የሚባለውን ወፍ ያያሉ። ሆቴል ውስጥ ይጣላሉ። ይመለሳሉ። አለቀ። ከተማው ሙሉ ሰው ይኖራል እኮ! አቶቴ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ ፓርክ ገብቶ የሚወጣ፣ መረብ የሚጠግን ሰው አንድም የሚናገረው የለውም። ካለውም «ጌታዬ፣ ጀልባው ዝግጁ ነው» ነው። የቱርኩ ድራማ ቢያንስ ኢስታንቡልን የሚኖሩባት ከተማ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። በኮታ ተጨማሪ ቪላ የሚያመጡልኝ ከሆነ ኮታው ይቅርብኝ።

የክበቡ ልጅ፦ ይቺ ነካችኝ። እውነት ለመናገር የኔም ስክሪፕት ቦሌ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ካልሆነ አይሸጥም ተብዬ ነው። እንጂ ታሪክ ጠፍቶ ነው? እዚህ አያንቱዎች ኮከብ ቆጥረው የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ። ዩኔስኮ በፈረንጁ 2015 መዘገበው፣ ዓለም አወቀው። እኛ ግን በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደን ሰልፊ ተነስተን እንመለሳለን። እስቲ አስቡት፤ አንድ ልጅ፣ አባቱ አያንቱ፣ እሱ ፓርክ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ። ሌሊቱን አባትየው ሰማይ ያያል፣ ልጁ ኒዮን መብራት።

ጋሼ መምህር፦ ይህን ጻፈው! ቦሌህን ተወው። ጠቁሙ ስለተባለ እኔም ልጠቁም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያላየ ይይ። በ2008 በፈረንጁ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። እዚያም ሐይቅ አለ፣ ጣና ነው። ግን ሙሽሮች አይዞሩበትም። ሰው የሚኖርበት፣ የሚፈራበት፣ የሚያስታውስበት ሐይቅ ነው።

ፍላሽ ቤት፦ ጋሼ፣ እሱ አለኝ፣ በጥሩ ጥራት።

የክበቡ ልጅ፦ ከቨሩን ነው?

እመ ሁለት፦ የአያንቱው ልጅ ምን ሆነ? አባቱ ያውቃል ማታ ማታ የት እንደሚሄድ?

የክበቡ ልጅ፦ ገና አልጻፍኩትም እህቴ። ግን ለመጀመሪያው ትዕይንት የቆየ ግቢ ያስፈልገኛል። ዋርካ ያለበት። ያንቺ ግቢ ዋርካ የለውም?

እመ ሁለት፦ ነገርህ ወዴት እንደሚሄድ አውቄ ነበር። ስንት ሰው ነው?

የክበቡ ልጅ፦ ስድስት። ቢበዛ ሰባት።

እመ ሁለት፦ ቅዳሜ ኑ። ጫማችሁን ጠርጋችሁ ግቡ። ቡና እኔ አፈላለሁ፣ ቆሎ እናንተ። ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ካሜራችሁን አጥፉ። ቅዳሜ ልጅቷ አባቷን የምታውቅበት ቀን ነው።