ለስኮላርሺፕ ሲያመለክቱ ያለፈ ችግርን መጻፍ ነጥብ ሊያሰጥ ይገባል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸውና። ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። "ያጋጠመህን ፈተናና እንዴት እንደተወጣኸው ግለጽ" የሚል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስጽፍበታል። ለምሳሌ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ከጥናት ዓላማው ሌላ "የግል ታሪክ" የሚባል ለብቻው ይጠይቃል። እና መልሱ ነጥብ ሊያሰጥ ይገባል ወይስ አይገባም? መሳደብ ክልክል ነው። ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል።

ቀጥተኛው፦ አይገባም። ስኮላርሺፕ ለተማሪ የሚሰጥ ነው፣ የጉዳት ካሳ አይደለም። ልጁ ጎበዝ ነው ወይ? የጀመረውን ይጨርሳል ወይ? ተምሮ የሚሠራው ነገር አለ ወይ? በቃ። ሁለት ሰዎች እኩል ጂፒኤ ይዘው ቢመጡ፣ የአንዱ አባት ስለሞተ ልናስቀድመው ነው? ደግሞስ ማን ያጣራል? ትራንስክሪፕት ማኅተም አለው። ችግር ነጥብ ያስገኛል ከተባለ፣ ምንም ያልደረሰበትም ደረሰብኝ ማለቱ አይቀርም።

የኋላ ወንበር፦ ጎበዝ ነው ወይ የሚለውን በምን ልትለካው ነው? በጂፒኤ? የእኔን ልንገርህ። ሦስተኛ ዓመት ላይ እናቴ ታመመች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ቀን ክፍል፣ ማታ ሆስፒታል። በዚያ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ወደቅሁ። አንዱ ስታቲስቲክስ ነው፣ ማስተርስ ላመለክትበት ለምፈልገው ትምህርት መሠረቱ። በኋላ ደግሜ ወስጄ ኤ አመጣሁበት። ኤፉ ግን አሁንም ትራንስክሪፕቱ ላይ ቁጭ ብሏል። የማያውቀኝ ሰው ሲያየው ሰነፍ ነች ይላል። እኔ ካልጻፍኩት ማን ያስረዳልኛል? ያልተነካ ግልግል ያውቃል አሉ።

ቀጥተኛው፦ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ግን ያነሳሽው ሌላ ነገር ነው። ኤፉን አስረጂ፣ ማን ይከለክልሻል? እኔ የምቃወመው ነጥብ መስጠቱን ነው። ኤው ራሱ ይናገርልሻል።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ምርጫ ኮሚቴም ላይ ተቀምጫለሁ። ማመልከቻ እንዴት እንደሚነበብ ካላወቅን ክርክራችን ከንቱ ነው። አንባቢው ፊት ክምር ፋይል አለ። ሲቪውን ያያል፣ ውጤቱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ ይሄዳል። የመከራ ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። "ከልጅነቴ ጀምሮ" ብሎ ይነሳል። ገጹ በሙሉ መከራ ይሆንና መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች፤ "ስለዚህ የሕዝብ ጤና ማጥናት እፈልጋለሁ" የምትል። ለምን የሕዝብ ጤና? የትኛው ችግር? በየትኛው ዘዴ? ምንም የለም። አዝኜለት ወደሚቀጥለው ፋይል አልፋለሁ።

የኋላ ወንበርን ጉዳይ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፤ "በሦስተኛ ዓመት ቤተሰብ በጠና ስለታመመብኝ ሁለት ትምህርት ወድቄያለሁ። ሁለቱንም ደግሜ ወስጄ ስታቲስቲክሱን በኤ አልፌያለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በዚያው ዘዴ ነው።" አለቀ። አንባቢው ተመልሶ ውጤቱን ያያል፤ አሁን ግን በሌላ ዓይን። እኔ ነጥብ የምሰጠው ከችግሩ በኋላ ለተሠራው ሥራ ነው። የመመረቂያ ጥናቱ ግን እውነት በዚያ ዘዴ መሠራት አለበት፣ እንዳትዋሺ።

የኋላ ወንበር፦ በዚያው ነው የሠራሁት መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቆይቶ የተነሳ፦ መምህር፣ ያሉት ለውጤት ይሠራል። የእኔ ችግር ግን ዓመት ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ታናናሾቼን ማስተማር ነበረብኝ። እነሱ ራሳቸውን ሲችሉ እኔ አርጅቼ ተገኘሁ። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ከ35 ዓመት በታች፣ ለፒኤችዲ ከ40 በታች ይላል። የቱርክ መንግሥት ደግሞ ይብሳል፤ ለማስተርስ ከ30 በታች፣ ለፒኤችዲ ከ35 በታች። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) ለባለሙያዎች በሚሰጣቸው ከልማት ጋር የተያያዙ ማስተርሶች ላይ፣ የመጨረሻው ዲግሪ በአብዛኛው ከ6 ዓመት የበለጠው እንዳይሆን ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስም ቢሆን አብዛኛው ተቋም 2 ዓመት ካለፈው አይቀበለውም። አንድ ዙር ወድቀህ፣ አንድ ዙር አርፈህ ስትመለስ እንደገና ፈተና፣ እንደገና ክፍያ።

ቀጥተኛው ችግር አይቆጠር ይለናል። እየተቆጠረ እኮ ነው! በእኔ ላይ ነው የሚቆጠረው። ፎርሙ ላይ የትውልድ ዓመቴን ስሞላ ችግሬ አብሮ ተሞልቷል። "ለምን ዘገየህ" የሚል ቦታ ብቻ ነው የጠፋው።

ቀጥተኛው፦ እሱ የዕድሜ ገደብ ጥያቄ ነው፣ ለብቻው ይታይ።

ቆይቶ የተነሳ፦ ኧረ ባክህ! ገደቡ ሲያስወጣኝ ደንብ ነው፣ እኔ ላስረዳ ስል ለቅሶ ነው?

ሰነድ ይቅደም፦ ይህን ነገር ያለ ድርሰት የፈቱት አሉ። ወደ ኦክስፎርድ የሚወስደው ሮድስን ተመልከቱ። በአብዛኛው ከ18 እስከ 24 ዓመት ያለውን ነው የሚቀበለው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ዘግይቶ ለጨረሰ ግን እስከ 27 ይፈቅዳል። መዘግየት ጥፋት እንዳልሆነ ደንቡ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤትም ለጀማሪ ተመራማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ ከዶክትሬት በኋላ ያለፉትን ዓመታት ይቆጥራል። እናት ለሆነች ተመራማሪ ግን በየልጁ 18 ወር ይጨምርላታል። ረጅም ሕመምና የግዴታ ውትድርናም ይታሰባሉ። የሚጠየቀው ሰነድ ብቻ ነው። ነጥብም የለ፣ ልብ የሚነካ ታሪክም የለ። የተወሰደበት ጊዜ ይመለስለታል፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ይወዳደራል።

ቀጥተኛው፦ በዚህ እስማማለሁ። ይኸው መፍትሔው።

የኋላ ወንበር፦ ቶሎ አትስማማ። ለሁሉም ችግር ወረቀት አለ? የልደት ሰርተፍኬት አለ፣ የሐኪም ማስረጃ አለ። እናቴን ያስታመምኩበትን ሌሊት ግን ማን ማኅተም ያደርግልኛል? ካርዱ ላይ ያለው የታማሚዋ ስም ነው። አባቷ "ከዚህ በኋላ ትምህርት የለም" ብሎ ያስቀራትስ ማስረጃ ከማን ታምጣ? ከአባቷ? ወረቀት ያለው ችግር ወረቀት ከሌለው ሊበልጥ ነው ማለት ነው።

ስሜ ይቅር፦ እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ስለራሴ መናገር የማልፈልግስ? ከጦርነት ሸሽቼ ነው የተማርኩት። ማመልከቻዬ ላይ በአንድ መስመር ጠቅሼው ነበር፣ የሁለት ዓመቱን ክፍተት ለማስረዳት ያህል። ኢንተርቪው ላይ ያቺን መስመር ይዘው ቀሩ። ምን አየሽ፣ ማን ሞተብሽ፣ እንዴት ቻልሽው። አንዷ ጠያቂ ጭራሽ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ላይ ፕሮፖዛል አዘጋጅቼ፣ የማጣሪያውን አሠራር በወረቀት ስዬ ይዤ ገብቼ ነበር። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ወረቀቱን እንዳጠፍኩት ይዤው ወጣሁ። አለፍሽ አሉኝ። እስከ ዛሬ በምን እንዳለፍኩ አላውቅም።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ይህ የጠያቂዎቹ ነውር ነው። የክፍተቱ ምክንያት አንዴ ከተጻፈ በቃ፣ ኢንተርቪው ስለ ውሃው መሆን ነበረበት። የእኔ ኮሚቴ ላይ ቢሆን አስቆማቸው ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም ኮሚቴ የሚያስቆም ሰው የለውም።

ቀጥተኛው፦ እኔ የምለውን ከእኔ በላይ አስረዳሽልኝ። ነጥብ ያለበት ቦታ ጠያቂው ቁስል መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ አቋሜን ላጥራው። ለማብራሪያ ትንሽ ቦታ ይኑር፤ የወደቀ ውጤትና የጠፋ ዓመት ለማስረዳት ብቻ። መሙላት ግዴታ አይሁን። ኢንተርቪው ላይ አይነሳ። የዕድሜ ገደብም ሮድስ እንዳደረገው ይላላ። ነጥብ ግን አይሰጥበት።

የኋላ ወንበር፦ አንባቢው ማብራሪያዬን አይቶ ውጤቴን በሌላ ዓይን ካየው እኮ ነጥብ ሰጠኝ። ስሙን ነው የቀየርከው።

ቀጥተኛው፦ ልዩነት አለው። ነጥብ የሰጠው ለኤው ነው።

የኋላ ወንበር፦ ማብራሪያው ባይኖር ኤው ጋ ሳይደርስ ኤፉ ላይ ይቆም ነበር።

ቆይቶ የተነሳ፦ እናንተ እስክትስማሙ አልጠብቅም። እንደኔ ለዘገየ ሰው ልንገር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው የሚጠይቀው፤ የበጎ ፈቃድ ሥራና ያልተከፈለበት ኢንተርንሺፕም ይቆጠራል። የአውሮፓ ኅብረቱ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኤራስመስ ሙንዱስም በዕድሜ አያስቀርም። እነዚያ ታናናሾቼን ያስተማርኩባቸው የሥራ ዓመታት እዚህ ልምድ ተብለው ይገባሉ። ስለዚህ ድርሰቴ ውስጥ ችግር የሚል ቃል የለም፣ የሠራሁትን ነው የዘረዘርኩት።

ስሜ ይቅር፦ ኢንተርቪው ላይ "ለምን ዘገየህ" ቢሉህስ?

ቆይቶ የተነሳ፦ "ሥራ ላይ ነበርኩ" እላለሁ። ውሸት የለበትም።

አወያይ፦ የዕድሜ ገደቡን ነገ ለብቻው እከፍተዋለሁ። ገደቡ ይኑር የምትሉ ካላችሁ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እስካሁን አንድም ሰው አልተከላከለለትም።