የቤት ኢንተርኔት ልታስገቡ ላሰባችሁ፦ ከሜጋው በፊት መስመሩን እዩ (ጥቆማ)

ሰሞኑን "የቤት ኢንተርኔት የቱን ላስገባ" የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ጥያቄው ሁሌ "50 ሜጋ ይበቃኛል ወይስ 100 ላድርገው" በሚል ነው የሚመጣው፣ የኔ መልስ ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ሜጋውን ተዉትና ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው መስመር ምንድነው እሱን እዩ። ፓኬጅ በአንድ ስልክ ጥሪ ይቀየራል፣ መስመር ግን አንዴ ከገባ ብዙ ዓመት አብሯችሁ ይኖራል፣ ነገ ስፒድ ሲጨምር ዋጋ ሲወርድ ቀድሞ የሚጠቀመውም ጥሩ መስመር ላይ ያለው ሰው ነው። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይበር (ዳታ በብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን ክር) በደጃችሁ ካለፈ ሌላ አታስቡ። እኔ በፋይበር ላይ ያለውን ትንሹን ፓኬጅ በሞባይል ኔትወርክ ከሚመጣው ትልቁ አስበልጬ ነው የማየው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አሁን ብዙ ቤት የገባው ፋይበር ጂፖን የሚባለው ነው፣ አንዷ ክር ከኩባንያው ወደ ሰፈር 2.5 ጊጋ ታመጣለች፣ ከሰፈር ወደ ኩባንያው ደሞ 1.25 ጊጋ ትመልሳለች፣ ይሄ እንግዲህ መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይ ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ሒሳቡን ብትመቱት 2.5 ጊጋ (2,500 ሜጋ) ለ32 ሲካፈል ለአንድ ቤት 78 ሜጋ አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ ታዲያ እንዴት 300 ሜጋ ይሸጣሉ ካላችሁ ሁሉም ሰው በአንድ ሰከንድ እኩል ስለማይጎትት ነው፣ አንዱ ፊልም ሲያይ ሌላው ጽሑፍ እያነበበ ነው፣ ሦስተኛው ጭራሽ ቤቱ የለም። ስለዚህ የተሸጠላችሁ ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ የተመደበላችሁ ድርሻ አይደለም፣ ይሄን ያወቀ ሰው ማታ ማታ ስፒድ ሲወርድበት ከምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቆንጆው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከጂፖን ቀጥሎ የመጣው ኤክስጂኤስ ፖን ሲወርድም ሲወጣም 10 ጊጋ ነው፣ እና አዲስ ክር አይፈልግም፣ በዛችው ክር ላይ በሌላ የብርሃን ቀለም ይሄዳል (ጂፖን ዳታ የሚያወርደው በ1490 ናኖሜትር ነው፣ አዲሱ በ1577፣ ሁለቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይሠራሉ)። ከሱ በላይ ያለው ባለ 50 ጊጋው ስታንዳርድ ደሞ በ2021 ጸድቋል። በፋይበር ሥራ ትልቁን ወጪ የሚበላው ቁፋሮና ዝርጋታ ነው፣ ክሩ አንዴ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ስፒድ ለመጨመር ኩባንያው የራሱን ማሽንና እናንተ ቤት ያለችውን ትንሽ ሳጥን ይቀይራል፣ አለቀ። ወደፊት የአንድ ሜጋ ዋጋ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የወር ሒሳቡ ባይቀንስ እንኳ በዛው ብር የሚሰጣችሁ ይጨምራል።

የስልክ መዳብ መስመር ላይ ያላችሁ፣ ኤዲኤስኤል ጥሩ የሚባለው ዓይነት በወረቀት 24 ሜጋ ነው፣ እሱም ማከፋፈያው አጠገብ ላለ ሰው፣ ሁለት ሦስት ኪሎሜትር ከራቃችሁ እየሟሸሸ ይሄዳል። ቪዲኤስኤል ከሆነ ጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ እስከ 100 ሜጋ ሊደርስ ይችላል። ካላችሁና እየሠራ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ አዲስ የሁለት ዓመት ውል ግን አትፈርሙበት፣ በብዙ አገር ኩባንያዎች መዳቡን እየዘጉ ደንበኛውን ወደ ፋይበር እያዛወሩ ነው። በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣው ደሞ ዳውንሎዱ ጥሩ ነው አፕሎዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው፣ ፋይበር ከሌለ ሁለተኛ ምርጫዬ እሱ ነው።

የ4ጂ እና የ5ጂ ሳጥን (በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተር)፣ ተከራይቶ ለሚኖርና ቤት ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ቆፋሪ አትጠብቁም። ግን አየሩ የጋራ ነው፣ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ከናንተ ጋር በአንድ ማማ ላይ ይሻማል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዛን ኩባንያ ሲም በስልካችሁ አስገቡና እዛው ቤታችሁ ውስጥ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ሦስት ቀን ለኩት፣ ጠዋት ላይ የለካችሁት ቁጥር አያታልላችሁ። ሳጥኑን ደሞ ቴሌቪዥን ስር አትደብቁት፣ ማማው ወዳለበት አቅጣጫ መስኮት ጋ ከፍ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ብቻ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ሳተላይት ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ነው የምጠቁመው። የድሮው ሳተላይት 35,786 ኪሎሜትር ላይ ነው የሚቆመው፣ ጥያቄያችሁ ወጥቶ ወርዶ መልሱ ደሞ ወጥቶ እስኪወርድ ግማሽ ሰከንድ ገደማ በመንገድ ብቻ ያልቃል፣ በቪዲዮ ስታወሩ እየተነጣጠቃችሁ ነው። እነ ስታርሊንክ ግን 550 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ስለሚዞሩ መዘግየቱ ወደ አስር ቤት ሚሊሰከንዶች ወርዷል፣ ስብሰባ ተቀምጦ መሥራት ይቻላል። ችግሩ ሳህኑ ሌት ተቀን የሚበላው መብራት ከተራ ራውተር በብዙ ይበልጣል፣ አንድ ሳተላይት ደሞ ከስሩ ላለው አካባቢ በሙሉ ነው የሚያካፍለው፣ ሰው በበዛበት ከተማ ለፋይበር ምትክ አድርጌ አላየውም።

አሁን ወደ ሜጋው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለ4ኬ ቪዲዮ 15 ሜጋ ለፉል ኤችዲ ደሞ 5 ሜጋ ነው የሚጠይቀው፣ የቪዲዮ ስብሰባ በጥሩ ጥራት ከ4 ሜጋ አይበልጥም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው 4ኬ እያየ አንዱ ስብሰባ ላይ ሆኖ አንዱ ጌም ቢጫወት እንኳ 50 ሜጋ አይሞላም፣ ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ እውነተኛ 50 ወይ 100 ሜጋ ይበቃል። ከዛ በላይ የሚያስፈልገው ትልቅ ፋይል ለሚያወርድና ለሚጭን ሰው ነው፣ 100 ጊጋባይት ጌም በ50 ሜጋ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በ300 ሜጋ 45 ደቂቃ አይሞላም። (ሜጋ ሲሏችሁ ቢት ነው እንጂ ባይት አይደለም፣ ለ8 አካፍሉት፣ 100 ሜጋ ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ተታለልኩ የሚለው እዚህ ላይ ነው።)

"ወደፊትስ ይበቃል ወይ" የሚለኝ አለ። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የዌብሳይት አጠቃቀም ባለሙያ በ1998 የፈጣን ተጠቃሚ ስፒድ በየዓመቱ በ50 ፐርሰንት ያድጋል ብሎ ነበር፣ በዚህ ሒሳብ አስር ዓመት ማለት 57 እጥፍ ነው። የሁሉም ቤት እንደዛ አያድግም፣ ግን ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው፣ የአሜሪካ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) ለመባል የሚያስፈልገውን ትንሹን ስፒድ በ2015 ዳውንሎድ 25 አፕሎድ 3 ሜጋ አድርጎ ነበር፣ በ2024 ወደ 100 እና 20 ከፍ አደረገው። ዳውንሎዱ አራት እጥፍ ሲያድግ አፕሎዱ ወደ ሰባት እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው፣ እና ልክ ነው፣ ካሜራው፣ የስልኩ ፎቶ ባክአፕ፣ ከቤት የሚሠራው ሥራ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚልከው። ስለዚህ ሻጩን ስትጠይቁ "አፕሎዱ ስንት ነው" በሉት፣ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዳውንሎዱ ብቻ ነው።

ይሄን እኔ ቤት በደንብ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ማታ ከእህቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እኔ ስፒድ ስለካ ዳውንሎዱ 90 ምናምን ይላል፣ ምንም የጎደለ የለም። በኋላ ሳየው ሁሌም የሚደርቀው ስልኬ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የቀኑን ፎቶ ወደ ክላውድ በሚልክበት ሰዓት ነው፣ ፎቶው አፕሎዱን ሞልቶት የሷ ድምፅ ከኋላ ወረፋ ይዞ ይቆማል። ፒንግ (መልስ እስኪመጣ ያለውን መዘግየት የሚለካው) እያስኬድኩ ፎቶ በምልክበት ጊዜ ከ15 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 600 ይገባ ነበር። ይሄ ወረፋ በእንግሊዝኛ አጠራሩ "በፈርብሎት" (bufferbloat) ነው የሚባለው፣ መድኃኒቱ ስፒድ መጨመር ሳይሆን ወረፋውን የሚያስተናብር ራውተር ነው። ኤስኪውኤም (SQM) የሚል ሴቲንግ ያለው ወይም ኦፕን ደብልዩአርቲ (OpenWrt) የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚጫንበት ራውተር ምረጡ፣ አፕሎዱን ከምታገኙት 90 ፐርሰንት ላይ ገድቡት፣ እኔ ይሄን ካደረግኩ ጀምሮ ፎቶው እየሄደም እሷ እያወራችም ምንም አይደርቅም። ለራውተር ገንዘብ ካወጣችሁ ለዚህ አውጡት ባይ ነኝ፣ ስምንት አንቴና ስላለው አትግዙ።

ዋይፋይ ላይ አሁን የምገዛው ዋይፋይ 6 ነው። ዋይፋይ 7 ከ2024 ጀምሮ ሰርተፍኬት እያገኘ ገበያ ላይ አለ፣ ግን ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ ካልደገፈው ለጊዜው ጥቅሙ አይታይም፣ ዋጋው ሲወርድ ይደረስበታል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርትዝ ግድግዳ ያልፋል ግን ዘገምተኛ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ስለሚጠቀምበትም የተጨናነቀ ነው፣ ቻናሉን 1 ወይ 6 ወይ 11 ላይ አድርጉት እነሱ አይደራረቡም። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው ግን ሁለት ግንብ ካገኘ ይደክማል። ሰፊ ቤት ከሆነ ርካሽ ሪፒተር አትግዙ፣ ብዙዎቹ በዛው አየር ተቀብለው በዛው ስለሚልኩ ስፒዱን በግማሽ ነው የሚቀንሱት፣ ይልቅ እስከ ሌላኛው ክፍል ኬብል ስባችሁ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ አስቀምጡ።

ስለ ኬብል ከተነሳ ደሞ ይሄን ስሙኝ። 300 ሜጋ ከፍዬ ለሁለት ወር 94 ሜጋ ብቻ ነበር የማገኘው፣ ሁሌ 94፣ ማታም ጠዋትም አንድ ቁጥር። ደውዬ ተነጫነጭኩ፣ ቴክኒሻን መጣ፣ ልጁ ሳጥኑ ላይ በቀጥታ ላፕቶፑን ሰካና 310 አሳየኝ፣ ከዛ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ኬብል በጣቱ እየዳሰሰ ሄዶ በሩ ስር ሲደርስ ቆመ፣ በሩ ሲዘጋ እየጨፈለቀው ውስጥ ካሉት ስምንት ገመዶች አንዱ ተበጥሷል። ጊጋ ኮኔክሽን ስምንቱንም ይፈልጋል፣ አራት ብቻ ጤነኛ ከሆኑ ራሱ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል፣ የ100 ትክክለኛ ልኩ ደሞ 94 ገደማ ነው። ስለዚህ የምታገኙት ቁጥር ሁሌ 94 ላይ ከቆመ ኩባንያው ጋ ከመደወላችሁ በፊት ኬብላችሁን ቀይሩ፣ የራውተሩ ቀዳዳም ጊጋ መሆኑን እዩ፣ አሁንም ባለ 100 ቀዳዳ ራውተር አዲስ ተብሎ ይሸጣል። ኬብል ስትገዙ ካት 5ኢ (Cat 5e) የሚባለው ዓይነት ለጊጋ በቂ ነው፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ግድግዳ ውስጥ የምትቀብሩት ከሆነ ግን ካት 6ኤ አድርጉት 10 ጊጋ ይችላል። ንጹህ መዳብ መሆኑን ደሞ አረጋግጡ፣ የገመዱን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ተዉት።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት፣ የመግቢያ ዋጋው ካለቀ በኋላ የወሩ ስንት ይሆናል፣ አንሊሚትድ ሲባል ስንት ጊጋ ላይ ነው የሚያዘገዩት፣ የሳጥኑ ኪራይ ለብቻው ነው ወይ፣ የራሴን ራውተር መጠቀም እችላለሁ ወይ። ካሜራችሁን ከውጭ ሆናችሁ በቀጥታ ማየት የምትፈልጉ ደሞ የራሳችሁ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የምትገኙበት የኢንተርኔት አድራሻ) ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ኩባንያ ለብዙ ቤት አንድ አድራሻ ነው የሚያጋራው።

ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ያላችሁ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ከአጥር እስከ ሳሎን ከሳሎን ደሞ እስከ እያንዳንዱ ክፍል ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አስቀብሩ፣ ከመብራት ገመዱ ለየት አድርጋችሁ፣ መታጠፊያው ላይ ሹል ሳይሆን ሰፋ ብሎ ይዙር ፋይበር በጣም ከታጠፈ ብርሃኑ ይፈሳል። ቱቦው ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ አሳልፋችሁ ሁለቱንም ጫፍ ቋጥራችሁ ተዉት፣ የዛሬ አስር ዓመት አዲስ መስመር የሚያስገባው ሰው በሲባጎው ጎትቶ በሩብ ሰዓት ይጨርስላችኋል።