ኤጀንሲው «የቤት ሠራተኛ ነሽ» ይለኛል፣ ምን ይሻላል?

ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ፒያሳ አካባቢ በስትሮክ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናትን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፤ ተረኛዋ ከቀረች ደግሞ አዳሩም የኔ ነው። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ፣ ወገቤ አልቋል። (እሳቸውስ ምርቃታቸው አያልቅም፣ በሳቸው አልከፋም።)

የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «አንቺ የቤት ሠራተኛ ነሽ፣ ሕጉ አይመለከትሽም» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ግን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው፤ የሚያስቀረው ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ነው። ኤጀንሲው ታዲያ ለጽድቅ ነው የሚሠራው?

ዋሽንግተን ይህንኑ ሥራ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች። እዚያም በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው የደመወዝ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ትቷቸው ነበር፣ ብዙዎቹም ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች የትርፍ ሰዓት መብት ያገኙት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። «ዛሬም ከባዱ ፈረቃ ለኛ ለጥቁሮቹ ነው» አለችኝ።

ውሉን አስፈርመው እነሱ ጋ አስቀሩት። ያለኝ የሰዓት ፊርማዬን በስልክ ያነሳሁት ፎቶ ብቻ ነው። ማስረጃ ይሆናል? ክፍለ ከተማ ልሂድ ወይስ በቀጥታ ፍርድ ቤት? ደግሞ ሳያባርሩኝ።