ስቶር ውስጥ የተገኘ አሮጌ ኮምፒውተር፦ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

መምህር ከጠባሴ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ለትምህርት ቤታችን ትንሽ ሙዚየም ዕቃ ስንሰበስብ ከአንድ መሥሪያ ቤት ስቶር አሮጌ ኮምፒውተር ሰጡን። በመንዝ ባና ተጠቅልሎ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ነበር። ስክሪኑም ኪቦርዱም ለየብቻ ናቸው። ሁለት የፍሎፒ ማስገቢያ አለው፣ የዚያን ትልቁን፣ እጥፍ እጥፍ የሚለውን ዲስክ። ከኋላው ታርጋ ላይ «ሮቦትሮን» እና «1715» ይላል። ጥበቃው 1715 የተሠራበት ዓመት ነው ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ፤ ያኔ እኮ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው ብለው ወይ ፍንክች። ኪቦርዱ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል፣ አንድ ቁልፍም ጎድሏል። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «1980» ተጽፏል። ርዕሰ መምህሩ «በኢትዮጵያ ብቸኛው» ብለህ ለጥፍ እያሉኝ ነው። ምንድን ነው? ብሰካው ይሠራ ይሆን?

ጡረተኛው ጠጋኝ፦
መምህር፣ መጀመሪያ እንዳትሰካው! እዚያ ዘመን ማሽን ውስጥ መብራቱ በሚገባበት በኩል ያለው ካፓሲተር ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ 220 ሲያገኝ ደግሞ ይነድዳል። እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አለቃው «እስቲ ሞክረው» ስላሉኝ ብቻ ሰክቼ፣ ሻይ እስኪመጣ ድረስ እንኳ ሳይቆይ ክፍሉ በጭስ ታፈነ። ሽታው ሳምንት አልለቀቀም። ስክሪኑን ደግሞ ጭራሽ እንዳትፈታው። ተነቅሎም ቢሆን የሚመታ ኃይል ይይዛል።

ማንነቱን ግን ታርጋው ነግሮሃል። ሮቦትሮን ፒሲ 1715 ነው። ሮቦትሮን የሠሪው ድርጅት ስም፣ 1715 የሞዴል ቁጥር ነው፣ ለጥበቃው ንገረው። ዞመርዳ በምትባል የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ከ1985 እስከ 1989 ተመርቷል፣ በፈረንጅ ነው የምልህ። ልቡ ዩ880 የሚባል ቺፕ ነው፤ ምዕራባውያን ቴክኖሎጂ አንሸጥም ሲሏቸው የአሜሪካኑን ዜድ80 ራሳቸው ቀድተው ሠሩት። ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክህ ያነሳሃት አንዲት ፎቶ አትገባበትም። ዋይና ዜድ የተቀያየሩት የጀርመን ኪቦርድ ስለሆነ ነው። ከ1715 በኋላ ደብሊው ካለበት ግን በኋላ የወጣው የተሻሻለው ነው፣ እሱ 256 ኪሎባይት አለው። በደንብ አይተህ ጻፍልኝ።

ልጅ ከመሐል ሜዳ፦
ስንት ያወጣል ጋሼ? ደግሞ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ከሆነ ፀጉር ማንጫውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ቪዲዮ አይቻለሁ።

ጡረተኛው ጠጋኝ፦
አንተ ልጅ፣ ለሽያጭ አይደለም እኮ። ፐርኦክሳይዱም ይቅር። ያነጣል፣ ግን ቢጫው ሊመለስ ይችላል፣ ፕላስቲኩም ዝንጉርጉር ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሙዚየም ዕቃ ዕድሜው ቢታይ ምን ችግር አለው? ለስላሳ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ባናውን ግን ቶሎ አውጡለት። ሱፍ ብል ያመጣል፣ ስታቲክም ይፈጥራል።

የንብረት ክፍሏ (ደብረ ሲና)፦
ሁላችሁም ማሽኑን ታያላችሁ፣ እኔ ወረቀቱን ልጠይቅ። መምህር፣ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኙ) ተቆርጦልዎታል? ካልተቆረጠ ዕቃው አሁንም የዚያ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ነገ ኦዲተር መጥቶ የት ገባ ቢል ጣጣው ለእርስዎም ለስቶር ኪፐሩም ነው። ሁለተኛ፣ ጎኑ ላይ ያለው 1980 በእኛ አቆጣጠር ይመስለኛል። ያኔ ንብረት ሲመዘገብ ዓመቱን በቀለም የሚጽፉ ነበሩ። የዚያን ዓመት የሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙን፣ ጥራዝ ያስፈልጉ። ዕቃው ገቢ የሆነበት ቀን፣ ከማን እንደመጣ፣ አንዳንዴም ዋጋው እዚያ ላይ አለ።

ጡረተኛው ጠጋኝ፦
ልክ ናት! በፈረንጅ 1980 ማሽኑ ገና አልተወለደም። የእኛ 1980 ከሆነ ግን በእነሱ 1987 እና 88 ነው፣ ልክክ ይላል። በቺፖቹም ማረጋገጥ ትችላለህ። የስክሪኑን ሳይሆን የዋናውን ሳጥን ክዳን፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ክፈትና ፎቶ አንሳ። የምሥራቅ ጀርመን ቺፕ ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ይታተማል። ፊደሏ ዓመት ናት፦ ዩ 1986፣ ቪ 1987፣ ደብሊው 1988። ቁጥሩ የፈረንጅ ወር ነው። ማሽኑ ከመጨረሻዋ ቺፕ በፊት ሊገጣጠም አይችልም።

የሸዋ ሮቢቷ፦
ክዳኑን ስትከፍት ጀርባቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ቺፖች ካየህ ወረቀቱን እንዳትልጠው። ከሥሩ መስኮት አለ። ፕሮግራሙ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፣ ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው በሳምንት ገደማ ሊጠፋ ይችላል።

ዲስክ ካለ ግን ለእኔ ከማሽኑ ይበልጣል። ሰው ደብዳቤ፣ ደሞዝ፣ ምን እንደጻፈበት አይታወቅም። ሻጋታ እንዳለው እይ፣ ፎርማት አድርግ የሚልህን ሰው አትስማ። ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለኝ። ከአሮጌ ድራይቭ ጋር አገናኝቼው ዲስኩ ላይ ያለውን መግነጢስ እንዳለ እቀዳለሁ፣ ፋይሉን የማውጣቱ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኤስሲፒ ነው፣ ሲፒ/ኤም የሚባለው የዚያ ዘመን የታወቀ ሲስተም ቅጂ ማለት ነው፣ ስለዚህ ፋይሎቹ የሚከፈቱበት መንገድ አያጣም። ወደዚህ ስታመጣቸው ፌስታል ውስጥ አድርገህ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ከደብረ ብርሃን ውርጭ ተነስቶ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሮቢት ሙቀት ላይ ሲከፈት ልክ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ደርሰህ ሻይ ጠጣ፣ ምሳም ብላ፣ ከዚያ ይፈታል።

መምህር ከጠባሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ስቶር ውስጥ አቧራ ስበላ ከረምኩ። ሞዴል 19 ተገኘ! ኅዳር 1980 ዓ.ም.፣ «ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 1»። ላኪው የተጻፈበት ጥግ አይጥ በልቶታል። ቺፖቹ ላይ ዩ ብዙ ነው፣ ቪ ያላቸውም አሉ፣ የመጨረሻዋ ቪ6 ናት። ታርጋው ላይ ደብሊው የለም። ሰባት ዲስክም መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ፣ አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «መጠባበቂያ» ይላል። ሞዴል 22 ሰኞ ይቆረጥልኛል።

ምሥራቅ ጀርመን በፈረንጅ 1977 በቡና ልዋጭ መኪናና የጦር መሣሪያ ለእኛ ትሰጥ ነበር አይደል? ካርዱ ላይ «በቡና የተገዛ» ብል አይሳብም?

የንብረት ክፍሏ (ደብረ ሲና)፦
ይስባል፣ ግን ላኪውን አይጥ በልቶታል ብለዋል እኮ። ቡናው ከእርስዎ ማሽን አሥር ዓመት ይቀድማል። ለተማሪዎቹ ያጫውቷቸው፣ ካርዱ ላይ አይጻፉት።

ጡረተኛው ጠጋኝ፦
ቪ6 ማለት በፈረንጅ 1987፣ ሰኔ አካባቢ ነው። በኅዳር እዚህ ገቢ ሆነ። አምስት ወር! ለዚያ ዘመን ፈጣን ነው። «ብቸኛው» የሚለውን ግን ሰርዙት በላቸው። ወደ 93,000 ገደማ ተመርቷል፣ አገር ውስጥ ስንት እንደገባም የቆጠረ የለም። ከነገቢ ደረሰኙና ከነዲስኩ የሚገኝ ስንት አለ ብትለኝ እሱ ነው ብርቁ። ደረሰኙን ኮፒ አድርገህ ከጎኑ ስቀለው፣ ዋናውን ፋይል ውስጥ። ማብራቱንም ተወው፣ ስክሪኑ ላይ የታተመ ፎቶ ለጥፍበት። ታሪኩን ማጣራት ከፈለግህ ድሬስደን ያለው የቴክኒክ ሙዚየም የሮቦትሮን ስብስብ አለው። የታርጋውን ፎቶና የሴሪ ቁጥሩን አያይዘህ ጻፍላቸው፣ በእንግሊዝኛ ይሆናል።

መምህር ከጠባሴ፦
ካርዱ እንዲህ ሆነ፦ «ሮቦትሮን ፒሲ 1715። ምሥራቅ ጀርመን፣ ዞመርዳ። 64 ኪሎባይት። በኅዳር 1980 ንብረት ሆኖ ተመዘገበ።» ርዕሰ መምህሩ ቅር ብሏቸዋል፣ ግን ፈርመዋል።

የንብረት ክፍሏ (ደብረ ሲና)፦
ከ1980 በኋላ «ዓ.ም.» ይጨምሩ፣ አለዚያ ጥበቃው እንደገና ይነሳብዎታል።

መምህር ከጠባሴ፦
ጨምሬያለሁ። ዲስኮቹን ቅዳሜ ሮቢት ይዤ እወርዳለሁ። የጎደለችው ቁልፍ ዜድ ናት፣ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።