ልንፋታ ነው፤ የቤተሰብ ጠበቃ የልጆቹን ጉዳይ የሚይዘው እንዴት ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ለመለያየት ከወሰንን ሦስት ወር ሆኖናል። በፍቺው ሁለታችንም ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንና የአራት ዓመት ሴት ልጃችን ከማን ጋር እንደሚኖሩ ነው። ፍርድ ቤት ገብቼ ስለማላውቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከአንዲት የቤተሰብ ጠበቃ ጋር ከመገናኘቴ በፊት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ጠበቆች እንዴት እንደሚይዙት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ «ለምን ለሁለት ጠበቃ እንከፍላለን? አንድ ሰው የሁለታችንንም ይያዝልን» ይላል። ዘመዶቼ ደግሞ እሱ ክስ ሳይመሠርት ልጆቹን ይዤ ሌላ አገር ወደምትኖረው እህቴ እንድሄድ ይመክሩኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈልኝን የስድብ መልእክት በስልኬ አስቀምጫለሁ፤ ይህ ሁሉ ለዳኛ ቢቀርብ ልጆቹ ለእኔ የሚወሰኑልኝ ይመስለኛል። ባለፈው ማታ ትልቁ ልጄ አልጋው ላይ ሆኖ «ደብተሬን የማስቀምጠው በየትኛው ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። ሙያውን የምታውቁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፦

እህቴ፣ አስቸኳይ ከሆነው ልጀምር። ልጆቹን ይዘው ወደ ሌላ አገር አይሂዱ። ያለ አባታቸው ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ድንበር ካሻገሯቸው፣ እርስዎ ልጆቼን ከጭቅጭቅ አራቅኋቸው ብለው ቢያስቡም ሕጉ ልጆቹን ያለ አግባብ እንደወሰዱ ሊቆጥረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተፈረመው የሄግ ስምምነት ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑና ከሚኖሩበት አገር ያለ አግባብ የተወሰዱ ልጆች ወደዚያው አገር በፍጥነት እንዲመለሱ ያዛል። በስምምነቱ መሠረት ልጆቹ የተወሰዱበት አገር ዳኛ ከእናት ወይስ ከአባት ጋር ይደጉ የሚለውን አይመረምርም፤ ይህ የመደበኛ መኖሪያቸው አገር ፍርድ ቤት ሥራ ነው። ጥያቄው በቀረበለት በስድስት ሳምንት ውስጥ ያልወሰነ ፍርድ ቤት የዘገየበትን ምክንያት እንዲገልጽ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሄደው ሊመለሱ፣ ከዚያም በላይ ልጆቹን ከአባታቸው ለመለየት የሞከሩ እናት ተብለው ክርክሩን ሊጀምሩ ይችላሉ። ሁለቱ አገሮች የስምምነቱ አባል ካልሆኑ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል እንጂ አይቀልም።

አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁም ሊቆም አይችልም። እርስዎ ልጆቹ ከእኔ ጋር ይኑሩ ሲሉ፣ ባለቤትዎ ከእኔ ጋር ይሁኑ ሲሉ፣ ለአንዱ የሚበጀው ምክር ሌላውን ይጎዳል፤ በሙያው የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው። ከዚህም በላይ ለጠበቃ የሚነግሩት በሙያ ምስጢር የሚጠበቅ ስለሆነ፣ የሁለት ተቃራኒ ወገኖችን ምስጢር አንድ ልብ ሊይዝ አይችልም። ወጪ መቀነስ ከፈለጋችሁ ለማንም የማይወግን አስማሚ ፊት ቀርባችሁ መነጋገርና የደረሳችሁበትን ስምምነት እያንዳንዳችሁ ለየራሳችሁ ጠበቃ አሳይታችሁ መፈረም ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተስፋፋ ሌላ አሠራርም አለ፤ ሁለቱ ወገኖችና ሁለቱ ጠበቆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ድርድሩ ፈርሶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ግን ሁለቱም ጠበቆች ከጉዳዩ እንደሚወጡ አስቀድመው ይፈራረማሉ። ይህ ግዴታ ጠበቆቹ ለክርክር ከመዘጋጀት ይልቅ ለስምምነት እንዲተጉ ያደርጋቸዋል።

ጥሩ የቤተሰብ ጠበቃ በመጀመሪያው ስብሰባ የትዳሩን መፍረስ፣ የንብረቱን ክፍፍልና የልጆቹን ጉዳይ ይለያል። ሦስቱ በአንድ መዝገብ ቢቀርቡም መመዘኛቸው አንድ አይደለም። በሦስተኛው ላይ ዳኛው የሚጠይቀው ማን በደለ ብሎ ሳይሆን ለልጁ የሚሻለው የቱ ነው ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 3 ልጆችን በሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ የልጁ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታይ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ከአንዱ ወላጅ የተለየ ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ የልጁ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ደንበኞቼ የሚከራከሩት የራሳቸው መብት እየመሰላቸው ነው።

ወደ መልእክቶቹ ስመጣ፣ ሁሉንም ያስቀምጡ እንጂ ሁሉንም አያቅርቡ። ጠበቃዎ ልጆቹን የሚነካውን ብቻ ለይታ ታወጣለች፤ «ዛሬ ልጁን ከትምህርት ቤት አልወስድም» የሚል አንድ መስመር ከመቶ ስድብ የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይችላል። እርስዎ የመለሱለትም አብሮ እንደሚነበብ ያስቡ። የእሱን ስልክ ወይም ኢሜይል በስውር ከፍተው መረጃ አይውሰዱ፤ ይህ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው፣ ማስረጃውም ውድቅ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ ክሱ ሲቀርብ ጠበቃዋ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንድትጠይቅ ያስታውሷት። የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያው ልጆቹ የት እንደሚያድሩና ወጪያቸውን ማን እንደሚሸፍን የሚወስነው ይህ ትእዛዝ ነው። ዳኞች ልጁ የለመደውንና የተረጋጋበትን ኑሮ ያለ በቂ ምክንያት ማናጋት ስለማይወዱ፣ ጊዜያዊ የተባለው ዝግጅት ብዙ ጊዜ ለዘለቄታው ውሳኔ መሠረት ይሆናል።

በዚህ ያለፈ አባት፦

እኔ በሌላው ወገን የቆምኩ ሰው ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ጠበቃዬ ቢሮ የገባሁት የባለቤቴን ጥፋት በሰባት ገጽ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠውና ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። «የልጅህን አንድ ሳምንት ጻፍልኝ፤ ማን ይቀሰቅሳታል፣ ማን ያለብሳታል፣ ሲያተኩሳት ሌሊት ማን ይነሣል፣ መምህሯ ማን ትባላለች» አለኝ። የመምህሯን ስም አላውቅም ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ ረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ጠበቃዬም አልወቀሰኝም፤ «እንግዲህ የምንጠይቀውን የምናውቀው ከዚህ ተነሥተን ነው» ብሎ፣ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ትኑር ማለቱን ትተን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እኔ እንድወስዳት ጠየቅን፤ ተፈቀደልኝ። ዛሬ መምህሮቿን ሁሉ አውቃለሁ።

የሠራሁትን ስሕተት ደግሞ ልንገርዎት፣ ባለቤትዎም ቢያነበው ይጠቅመዋል። የልጄ እናት ሁለት ጊዜ ልጅቷን ሳታገናኘኝ ስትቀር ተናድጄ ለጠበቃዬ ሳልነግረው ቀለቡን አቋረጥኩ። ዳኛው በችሎት ፊት ቀለብና ግንኙነት እርስ በርስ የሚካካሱ እንዳልሆኑ ነገሩኝ፤ እናትየው ትእዛዙን ብትጥስ መፍትሔው ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ማስፈጸም እንጂ የልጅን ወጪ መከልከል አይደለም። የተቋረጠውን ሁሉ ከፈልኩ። የሚያሳፍረኝ ግን መክፈሌ አይደለም፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ልጄ ጫማ ጠቧት እንደነበር በኋላ መስማቴ ነው።

ለፍርድ ቤት የልጆች ጥናት የማቀርብ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፦

ወላጆች ባልተስማሙበት ጉዳይ ፍርድ ቤት እንደኔ ያለ ባለሙያ ሁለቱን ቤት እንዲያይና ልጆቹን እንዲያነጋግር ሊያዝ ስለሚችል፣ ከእኛ በኩል የሚታየውን ልጨምር። ከላይ የተጠቀሰው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲሰማና አስተያየቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። ይህ ማለት ግን ልጁ ከእናትና ከአባት አንዱን ይምረጥ ማለት አይደለም። እኔ «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ቅዳሜ እንዴት እንደሚውል፣ ሲከፋው ወደ ማን እንደሚሄድ፣ በየቤቱ የት እንደሚተኛ እጠይቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅዎ ብዙ ሊነግረን ይችላል፤ የአራት ዓመቷን የምናውቃት ግን ከቃሏ ይልቅ ስትጫወት፣ ሁለታችሁም ወደ ክፍሉ ስትገቡና ስትወጡ በምታሳየው ነው።

የሚናገረውን ያስጠኑት ልጅ ቶሎ ይታወቃል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «አባቴ ኃላፊነቱን አልተወጣም» ብሎኛል፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ አይናገርም። ጥሩ ጠበቃ ደንበኛውን ልጆቹን ስለ ክርክሩ እንዳያነጋግርና ምን እንደሚሉ እንዳያስተምር አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። በጥናቱ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አንዱ ወላጅ ልጁ ሌላውን እንዲወድ መፍቀዱ ነው። ልጁ በርክክብ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ የእናቱን ፊት የሚያይ ከሆነ፣ መሄዱ እንደሚያስቀይማት ያውቃል ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጉዞውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ መትቶኛል፤ በሁለተኛው ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ነበሩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሐኪም ቤት ስሄድ ወደቅሁ ብያለሁ። አሁን ብናገር ለክርክር ብላ የፈጠረችው ነው እባላለሁ ብዬ እፈራለሁ። በአስማሚ ፊት መቀመጡስ ይቻለኛል?

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፦

እህቴ፣ ይህን በመጻፍዎ መልካም አድርገዋል፤ ከላይ የሰጠሁትንም ምክር በከፊል ይለውጠዋል። በፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው በእኩልነት መደራደር ስለማይችል አስማሚ ፊት መቀመጥን አሁን አልመክርዎትም፤ በሙያው የሠለጠነ አስማሚም እንዲህ ያለውን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ሰዓት ይንገሯት። ቀኑን፣ የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንደተባለ፣ የሚያስታውሱትን ያህል ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ያላስታወሱትን ግን አይጨምሩ። የሐኪም ቤቱን መዝገብ ቅጂ ይጠይቁ። «ወደቅሁ» የሚል ቢሆንም ጉዳቱ የት የሰውነት ክፍል ላይ እንደነበረና ቀኑን ያሳያል፤ የተመቱ ሴቶች ለሐኪም እንደዚያ መናገራቸውን ደግሞ በቤተሰብ ችሎት ለዓመታት የተቀመጡ ዳኞች ያውቁታል። ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል መሆናቸው ለብቻው የሚመዘን ነው፤ ድብደባ የሰማ ልጅ ባይመታም ጉዳት ደርሶበታልና። ጠበቃዋ ከጊዜያዊው ትእዛዝ ጋር ባለቤትዎ እንዳይጎዳዎት የሚከለክል የጥበቃ ትእዛዝ ልትጠይቅ፣ የአባትየውም ግንኙነት ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዲሆን ልታመለክት ትችላለች። ዛሬ ማታ የሚያሰጋዎት ነገር ካለ ግን የጠበቃዋን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለፖሊስ ይደውሉ።

የሄግ ስምምነትም ልጁን መመለስ ለከባድ የአካል ወይም የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያጋልጠው ከሆነ ፍርድ ቤት መመለሱን ላያዝ እንደሚችል ይናገራል። ይህን ተማምነው ግን አይሂዱ፤ ፍርድ ቤቶች በጠባቡ ነው የሚተረጉሙት።

ፍርዱ ወይም ስምምነቱ ሲጻፍ ዝርዝሩ ላይ አይቸኩሉ። «አባት ልጆቹን በተመቸው ጊዜ ያገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ አዲስ ጠብ ይወልዳል። ቀኑና ሰዓቱ፣ ርክክቡ የት እንደሚሆን፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት እንዴት እንደሚከፈል፣ ልጅ ቢታመም ማን እንደሚወስን፣ ፓስፖርታቸው በማን እጅ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ይጻፍ። ልጆች ያድጋሉ፣ ኑሮም ይለወጣል፤ ስለዚህ ሁኔታው በጉልህ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ትልቁ ልጅዎ ስለ ደብተሩ የጠየቀዎትንም ለጠበቃዎ ይንገሯት። እኔ ብሆን በስምምነቱ ላይ አንድ መስመር አስገባለት ነበር፦ የትምህርት ቤት ቦርሳው ልጁ በሚያድርበት ቤት ያድራል፣ በማግስቱ ጠዋትም ከእርሱ ጋር ይወጣል።